በአሳንሰር ነው በደረጃ?

ባለፈው ሳምንት ነው፤ ለልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ልገዛ ከሳቢያን ባጃጅ ይዤ ወደ ታይዋን ገበያ ስሄድ። ከዚራ ሰፈር ስንደርስ ሹፌሩ፣ ጺሙ ገና የሚያቀመቅም ልጅ፣ ፍሬን ያዝ አደረገና "እማማ፣ ነጠላሽን አፍንጫሽ ላይ አድርጊ አቦ፣ እዚህ ጋ አቧራው አያስተነፍስም" አለኝ። አንቺ ማለቱ ክፋት የለውም፤ የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንለትም፣ አንቺ ሲልሽ እንደ እናቱ አቅርቦሽ ነው። እኔ ግን አልሸፈንኩም። ሽታው ቀድሞኝ ገብቷል። የድሮ ኖራ፣ የዛገ ብረት፣ የአይጥና የከረመ ወረቀት ሽታ። ዓይኔን ታስሬ ብወሰድ እንኳ ያንን ሽታ አልስተውም። ቀና ብዬ ሳይ ትልቁ ፎቃችን ከአናቱ እስከ እግሩ በአረንጓዴ መረብ ተጠቅልሏል። ፊት ለፊቱ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሥዕሉ ላይ ፎቁ መስታወት በመስታወት ሆኗል፣ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ደግሞ በዚህ ሙቀት ኮት ለብሰዋል። የድሬ ሰው አይደሉም ማለት ነው። "ምን ሊያደርጉት ነው?" አልኩት። "ታች ሞል፣ ላይ ቢሮና የሠርግ አዳራሽ ነው አሉ። ዘመናዊ ይሆንልሻል፣ አብሽሪ።" ምኑን ነው የማበሽረው? "እዚሁ አውርደኝ" አልኩት። "ታይዋን አላልሽም እንዴ?" "ታይዋን የትም አይሄድም፤ አውርደኝ!" ብዬ ጮህኩበት፣ ምን አጠፋ ልጁ።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ ሠላሳና አርባ ፎቅ ያያችሁ ልጆች ትስቁብኝ ይሆናል። ለኛ ግን ሰማይ ጠቀስ ማለት እሱ ነበር። ድሬ ቤቷ ሁሉ ዝቅ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ኒም ዛፍ ሥር የተሸሸገ ከተማ ናት፤ እሱ ብቻውን ከዛፎቹ በላይ አንገቱን አውጥቶ ባቡር ጣቢያውን ቁልቁል ያያል። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ሰው "ደረስን" የሚለው እሱ ሲታየው ነው። ማን እንዳሠራው እንደ ተናጋሪው ነበር፤ አንዱ ግሪክ ነው ይላል፣ አንዱ አርመን፣ አንዱ የየመን ነጋዴ። እኔ ሥራ ስገባ ውስጡ የሌለ ዓይነት ሰው አልነበረም፤ ዕቃ አስተላላፊው፣ ጠበቃው፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ቡና ላኪው፣ ኢንሹራንሱ። ምድር ቤቱ ኬክ ቤት ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ሳምቡሳ በአምስት፣ አይስክሬም በስሙኒ፤ ያውም በረዥም ብርጭቆ፣ ላዩ ላይ ቀይ ነገር የፈሰሰበት። ሸክላ ማጫወቻው አንዴ የሱዳን ያዘፍናል፣ አንዴ የሶማሌ፣ አንዴ የኛን፤ የማን ቋንቋ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም ትከሻውን ይነቀንቃል። ወንዱ ቤልቦተም ሱሪ በሰፊ ቀበቶ፣ ፀጉሩ አፍሮ፤ ሴቱ ከፊሉ አጭር ቀሚስ፣ ከፊሉ እንደኔና እንደ ጓደኛዬ ሰዓዳ ስስ ሽቲ፣ እስከ መሬት የሚደርስ ቀሚስ፣ ነፋስ ሲያገኘው የጀልባ ሸራ የሚያህል። ዛሬ የኬክ ቤቱ ቦታ ላይ የተሰባበረ ጡብ ተከምሯል። ቆሜ አየሁት፤ የአይስክሬም ማሽኑ የነበረበትን ጥግ እንኳ መለየት አቃተኝ።

የዚያ ፎቅ ንጉሥ ግን አሳንሰሩ ነበር። በሩ እንደ ወንፊት የሆነ ብረት፣ ውስጡ ቀይ እንጨትና መስታወት፣ ቁልፎቹ ነሐስ። ጋሽ በየነ የሚባሉ፣ ካኪ ልብስና ቆብ የማይለያቸው ሰው በትንሽ ወንበር ተቀምጠው ይነዱታል፤ "ይነዱታል" ነው የምንለው፣ ልክ እንደ ፔጆ ታክሲ። በበዓል ቀን ከመጋላም ከገንደ ቆሬም ቤተሰቡ ሁሉ አዲስ ልብሱን ለብሶ እሱን ሊሳፈር ይመጣል። ወጥቶ መውረድ ነው፣ ሌላ ጉዳይ የለውም። ታዲያ አሳንሰሩ የመጣው ከፈረንጅ ነውና አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። ምድር ቤቱን አይቆጥረውም፤ ታችኛው ቁልፍ ላይ "አር" የሚል የላቲን ፊደል አለ፣ ከሱ በላይ ነው አንድ ብሎ የሚጀምረው። የምድር ባቡር ቤተሰብ፣ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚቆጥር። እኔን አሳንሰሩ ገና በጠዋቱ አስቀይሞኛል። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን መብራት ሄዶ፣ ጉንጩ ካበጠ የጥርስ ሐኪሙ በሽተኛ ጋር መሐል ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ሰውዬው ያቃስታል፣ እኔ ማርያምን እጠራለሁ። ከዚያ ወዲያ እግሬን አላስገባሁበትም፤ ሰባቱንም ፎቅ በደረጃ ነው። ሰባት አልኩ? ለኔ ሰባት ነው። ለአሳንሰሩ ስድስት።

ከዚያ ያ መንግሥት ወርዶ ሌላው መጣ፣ ፎቁም ተወረሰ። ግሪኩም አርመኑም ሻንጣውን ይዞ ሄደ፣ ኬክ ቤቱ የሠራተኛ ክበብ ሆነ፣ አይስክሬሙ ቀረ። አዲሶቹ ሹማምንት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ደረጃው ላይ በየፎቁ በአረንጓዴ ቀለም በአማርኛ ቁጥር ማስጻፍ ነው። ጥሩ ነገር ነበር፣ ግን የጻፈው ሰው ምድር ቤቱን አንደኛ ፎቅ ብሎ ጀመረ። እንግዲህ አስቡት። አሳንሰሩ ሁለተኛ የሚለውን ደረጃው ሦስተኛ ይለዋል፤ አሳንሰሩ ሦስተኛ የሚለውን ደረጃው አራተኛ። ከሐረርጌ ገጠር አቤቱታ ይዞ የመጣ ገበሬ "ሦስተኛ ፎቅ ሂድ" ይባልና ቀኑን ሙሉ ጥርስ ሐኪም ቤት ተቀምጦ ይውላል፤ አንዱማ ወላሂ፣ መናገር አፍሮ ጥርሱን ተነቅሎ ሄደ ይባላል። በኋላ መፍትሔው ከሰው አፍ ወጣ። በዚያ ፎቅ ማንም ሰው ቁጥር ከጠራ "በአሳንሰር ነው በደረጃ?" ተብሎ ይጠየቃል። ይኸው ነገር ከፎቁ ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ። ቀጠሮ ያልተገለጸ እንደሆነ፣ ሰው ሁለት ነገር የሚያወራ እንደሆነ፣ "አቦ፣ በአሳንሰር ነው በደረጃ?" ይባላል። ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠሩልሽ፣ ሽማግሌ ተልኮ መልሱ ሳይለይለት ሲቀር፣ "በአሳንሰር ነው በደረጃ?" ዛሬ ይህን የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ ቢፈለግ እኔና ሁለት ሦስት ጡረተኞች እንሆናለን።

እኔና ሰዓዳ የስልክ ኦፕሬተሮች ነበርን። የፎቁ ስልክ ሁሉ በኛ ማዞሪያ ነው የሚያልፈው፤ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ጀርባ፣ አንድ ማራገቢያ ያላት ጠባብ ክፍል። አባቷ የመን፣ እናቷ ሶማሌ፣ እሷ ደግሞ የሁላችንም ነበረች። ኦሮምኛውን ከአማርኛው፣ አረብኛውን ከሶማሊኛው እያደባለቀች ስታወራ ደዋዩ ለምን እንደደወለ ይረሳል። ሥራ የገባሁ ዕለት ሽቦውን ተሳስቼ ጠበቃውን ከቡና ላኪው ሚስት ጋር አገናኘሁት፤ ሰዓዳ ሳቋ መጥቶ ከወንበር ወደቀች። "ናያ ጽጌ!" አለችኝ፤ ናያ በሶማሊኛ አንቺ ሴት ማለት ነው፤ "ናያ ጽጌ፣ ዛሬ አንድ ትዳር አፈረስሽ!" ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳችን አንድ ሳህን ነው። በጾም ለኔ ብላ ሽሮ ታመጣለች፣ በረመዳን እኔም በሷ ፊት ውኃ አልጠጣም። አባቷ ዕቃ አስተላላፊ ነበሩ፤ ቢሯቸው እዚያው ፎቅ ላይ፣ በአሳንሰሩ ሦስተኛ። ስለዚህ እሷ ያደገችው አሳንሰር ውስጥ ነው፣ ቁጥሯም የአሳንሰር ነው። እኔ የደረጃ። "አንቺ ሁልጊዜ አንድ ፎቅ ትቀድሚኛለሽ" ትለኛለች። "አንቺ ሰንፈሽ ነው፣ በእግርሽ ብትወጪ ልክ ትቆጥሪ ነበር" እላታለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ጂፕ መጥታ አባቷን ወሰደቻቸው። ለምን እንደሆነ ጠይቆ የተረዳ የለም፤ ያኔ "ለምን" ራሱ ያስወስዳል። ቢሯቸው ታሸገ። ሰዓዳ በነጋታው ሥራ ገባች፣ ዓይኗ አብጦ። ክበቡ ውስጥ ሻይ ልትጠጣ ስትቀመጥ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት አንድ በአንድ ጉዳይ ትዝ እያላቸው ተነሡ። ትናንት በሷ ቀልድ ሆዳቸውን ይዘው የሚስቁ ሰዎች! እኔ ተቀመጥኩ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ ሻዬን ሳልቀምስ በሩን በሩን ነበር የማየው። ትንሽ ቆይቶ ከሥራ አሰናበቷት፣ በሷ ቦታ "ጓድ" የሚባል ጆሮ ብቻ የሆነ ሰው አጠገቤ አስቀመጡ። ስልክ አያውቅም፤ ሥራው መስማት ነው። የሄደች ቀን በር ላይ ይዛኝ እንዲህ አለች፦ "ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ አልገረመኝም። አንድ ቀን እጠራሻለሁ። ካልመጣሽ ፈርተሽ ነው እላለሁ እንጂ አልቀየምሽም፣ ወላሂ። ግን እስክሞት ይቆጨኛል።" "እመጣለሁ" አልኳት። 

እናቴ ነገሩ ገብቷታል። ወንድሜ ያኔ ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ ነበር፤ አንድ ወንድ ልጇ። "የዚያችን ልጅ በር እንዳትረግጪ፣ አንቺን ሲያዩ እሱን ነው የሚይዙት" ትለኛለች። "እማዬ፣ ሰዓዳ ምን አደረገች?" "ምንም። ምንም አላደረገችም። የኔስ ልጅ ምን አደረገ?"   ይህን በምንባባልበት ሰሞን ነው አንድ ከሰዓት ማዞሪያው ላይ ስልክ የጮኸው። ድምጿን አወቅኩት፣ ግን የቢሮ ሰው ድምፅ አስመስላዋለች። "ያ የአክስቴ ዕቃ ነገ በከሰዓቱ ባቡር ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሦስተኛ ፎቅ ተረከቡኝ።" ጓድ አንገቱን አስግጓል። አፌ ላይ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ያንን ከተማው ሁሉ የሚለውን ነገር። ግን ያንን ካልኩ መመለሷ አይቀርም፤ ስትመልስ ፎቁን የምታውቅ ሰው መሆኗ ይታወቃል፣ ሰዓዳ እንደሆነች ይደረስባታል። "እሺ፣ ደርሶናል" ብዬ ሽቦውን ነቀልኩ።

ሌሊቱን ስቆጥር አደርኩ። ሰዓዳ ሦስተኛ ስትል በአሳንሰር ነው፤ ዕድሜ ልኳን እንደዚያ ነው የቆጠረችው፣ ያውም የአባቷ ቢሮ ያለበት። እኔ ሦስተኛ የምለው ታችኛውን ነው፣ ግን የጠራችኝ እሷ ናት። ስለዚህ በሷ ቁጥር እሄዳለሁ አልኩ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቤት ደርሼ ልብስ ልቀይር ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ ሁሉን አወቀች። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ጫማዬ የለም። ሰንደሌ የለም። የቤት ነጠላ ጫማዬ እንኳ የለም። እናቴ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ቀና አትልም። "እማዬ፣ ጫማዬን።" ትልጣለች። "እማዬ!" ሌላ ሽንኩርት አነሣች። ከአልጋው ሥር ወንድሜ ለዕረፍት መጥቶ ጥሎት የሄደ አሮጌ ከስክስ ነበር፣ ያ የወታደር ጫማ፣ ተረከዙ ብረት የተመታበት። እሱን ከተትኩት። ሽቲዬን እስከ መሬት ለቀቅ አደረግኩና በጓሮ በኩል ወጣሁ። እናቴ ልትሰማኝ ይገባ ነበር፤ ያ ጫማ ሙት ይቀሰቅሳል። ከበሩ ግን አልተነሣችም።

የድሬን ቀትር ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከስድስት ሰዓት ወዲያ ከተማው ይዘጋል፤ ፀሐይ ብቻ ናት የምትሠራው። ፎቁ ጭር ብሏል፣ መብራት የለም፣ ጋሽ በየነ በቆመው አሳንሰር ውስጥ ቆባቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተኝተዋል። ቀስ ብዬ አለፍኳቸው። ደረጃው ላይ በአረንጓዴ "፫ኛ ፎቅ" የሚለውን አልፌ አንድ ጨምሬ ወጣሁ፣ የታሸገው የአባቷ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። ጠበቅኩ። ከዚያ ላቤ ሲያስቸግረኝ ከበሩ እስከ መስኮቱ መመላለስ ጀመርኩ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል ከስክሱ በባዶ ፎቅ። አንዴ ከበታቼ ሳል ሰማሁ፣ እፍን ያለች። ሰው አለ! ጓድ ተከትሎኛል ብዬ ባለሁበት ቆምኩ።  ዝም ሲል ደግሞ ተመላለስኩ። የባቡሩ ፊሽካ ሲነፋ ነው እንደማትመጣ የገባኝ። ቁልቁል ስሮጥ ጋሽ በየነ ነቅተዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ጫማዬን እያዩ "አንቺ ከየት መጣሽ?" አሉኝ። "ሰዓዳ'ኮ አሁን ወጣች። በደረጃው ሦስተኛ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅሽ ቆየች። ላይ ወታደር ቆሟል አለችኝ፤ ጽጌን አይተሃታል ወይ ስትለኝ አላየሁም አልኳት። 'ብትመጣ፣ ፈርታ ነው፣ አልተቀየምኳትም በላት' ብላ እያለቀሰች ሄደች።" እኔ የሷን ቆጥሬ ላይ ወጣሁ፣ እሷ ደግሞ የኔን ቆጥራ ታች ቀረች። በመካከላችን አንድ ወለል ነበረ።

ሮጥኩ። በከዚራ መሐል ሽቲዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ በከስክስ ስሮጥ ሰው ከየበረንዳው እየተነሣ ሳቀ፤ "ዋርያ! ሴት ወታደር!" አለ አንዱ። ጣቢያው በር ላይ ጠባቂዎቹ አላሳልፍ አሉኝ። በአጥሩ በኩል ዞሬ ከባቡሩ ጎን ሮጥኩ፤ መስኮቱ ሁሉ ሻሽና ጭንቅላት ነው፣ ሁሉም እጁን ያወዛውዛል። የሷን ለይቼ አላየሁም። ለሁሉም መስኮት እጄን አወዛወዝኩ። ማታ እግሬ ተልጦ ስገባ እናቴ በለብ ያለ ውኃ አጠበችኝ። ወንድሜ ከሁርሶ ወጥቶ ወደ ጦርነቱ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። መርዶው በመጣ በሳምንቱ እናቴ ጫማዎቼን ከደበቀችበት አውጥታ በሩ ላይ ደርድራ አስቀመጠችልኝ። አላነሣኋቸውም። የከስክሱን ነገር ለባሌም ለልጆቼም ተናግሬ አላውቅም፤ እፍረት ነው ወይስ ምን እንደሆነ እንጃ። ሰዓዳን ግን ስጠይቅ ኖርኩ። ከጅቡቲ የመጣ ነጋዴ ሁሉ ይስቅብኛል፤ "እናቴ፣ ጅቡቲ ውስጥ ስንት ሰዓዳ አለ መሰለሽ?" ወደ የመን ተሻግራለች ያለኝም አለ። የምፈልገው ትልቅ ነገር አልነበረም። እንደመጣሁ እንድታውቅ ብቻ። ከላይዋ የነበርኩት እኔ እንደሆንኩ። ይህ ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ቆሞ ነው ያረጀሁት።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ከባጃጁ ወርጄ አጥሩ በር ላይ ስደርስ አንዲት ጥቁር ዲሪዕ፣ ያንን የሶማሌ ሰፊ ቀሚስ፣ የለበሰች፣ ትልቅ የገበያ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት ከዘበኛው ጋር ትከራከራለች። ጀርባዋን ነው የማየው። "ወንድሜ፣ ወላሂ አልቆይም፣ ሦስተኛ ፎቅን ብቻ አይቼ እወርዳለሁ" ትለዋለች። "እህቴ፣ ክልክል ነው አልኩሽ እኮ።" እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አፌ ብቻውን ተከፈተ። "በአሳንሰር ነው በደረጃ?" አልኩ። ሴትዮዋ ዞረች። የሰዓዳ ግንባር፣ የሰዓዳ ቅንድብ፣ ያቺ በጥርሷ መሐል ያለች ፍንጭት ሳትቀር። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። "ምን አልሽ? ደግመሽ በይው እስቲ።" "በአሳንሰር ነው በደረጃ አልኩ።" "ይህን ከየት አመጣሽው? ይህ የማማ ነው! ከሷ በቀር ማንም ሲለው ሰምቼ አላውቅም!" የአጥሩን ቆርቆሮ ይዤ ተደገፍኩ። "እናትሽ ሰዓዳ ናት?" "አዎ።" "የት አለች?" ልጅቷ እጄን ያዘችና ጨበጥ አደረገችው። መሞቷን ያወቅኩት በዚያ ነው፤ ካለፈው ረመዳን በኋላ እንደሆነ ኋላ ነገረችኝ።

ሐናን ትባላለች። የምትነግደው ጅቡቲና ድሬ መሐል ነው፤ ዕቃዋን ለታይዋን ነጋዴዎች አስረክባ ለባቡሩ ጊዜ ሲተርፋት የአያቷ ቢሮ የነበረበትን ፎቅ ሳይፈርስ ልታየው መጥታለች። "ማማ ስለ ድሬ ስትጀምር ታቆማለች፣ ስትጀምር ታቆማለች" አለችኝ። "ስለ ጽጌ ነግራሽ ታውቃለች?" "ስም አትጠራም ነበር። አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ ትላለች፣ ከዚያ ተነሥታ ወደ ኩሽና ትሄዳለች።" ዘበኛው ሁለት ሴቶች አጥሩ ሥር ሲያለቅሱ አይቶ አንጀቱ አልቻለም፤ ፎርማኑን ጠራልን። ፎርማኑ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ራሳችን ላይ ቢጫ ሄልሜት ደፋልንና "እማማ፣ መውጣት ትችያለሽ?" አለኝ። "ልጄ፣ እኔ ይህን ደረጃ የወጣሁትን ያህል አንተ ምግብ አልበላህም" አልኩት። አሳንሰሩ የለም፤ የነበረበት ባዶ ጉድጓድ ሆኗል፣ ብርሃን ከላይ ይወርድበታል። የጋሽ በየነ ወንበር ትዝ አለኝ፣ እሳቸውም ካለፉ ስንት ዘመናቸው። ደረጃው ግን ያው ነው፣ በተረገጠበት በኩል ጎድጉዷል። ከላዩ ስንት ጊዜ ቀለም እንደቀቡት እግዜር ይወቀው፣ አሁን ሲፋቅ ግድግዳው ላይ ያ አረንጓዴ ብቅ ብሏል። "፫ኛ ፎቅ።"

"እዚህ ድረስ ብቻ ነው" አለ ፎርማኑ። "ከዚህ በላይ የሚረገጥ የለም። ይህንና የላይኛውን አንድ ልናደርጋቸው ነው፣ ለሠርግ አዳራሹ። ወለሉን አውጥተነዋል።" ቀና አልኩ። እውነትም የለም። ከራሳችን በላይ የተቆረጠ የብረት ጫፍ ብቻ በግድግዳው ዙሪያ ቀርቷል፣ የሰዓዳ አባት ቢሮ በር የነበረበት ክፍተት አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ለሐናን አሳየኋት፤ "የአያትሽ ቢሮ እዚያ ነበር። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። እናትሽ እዚህ፣ እኛ ያለንበት።" ከዚያ ሁሉን ነገርኳት፤ ስልኩን፣ ቁጥሩን፣ ፊሽካውን። የከስክሱን ነገር ግን ዘለልኩት፤ እንደለመድኩት። ስጨርስ ያን የኖርኩበትን ጥያቄ ጠየቅኳት። "እንደመጣሁ ሳታውቅ ሞተች ማለት ነው፣ አይደል?" ሐናን ወለሉ ወደነበረበት አንጋጠጠች። እንዳዘነችልኝ ገባኝ፤ ውሸት እየፈለገችልኝም መሰለኝ።

"እማማ ጽጌ" አለች በመጨረሻ፣ "አንድ ነገር ልንገርሽና አንቺ ፍቺልኝ። እኔ አልገባኝም ነበር። ማማ ታማ በተኛችበት ጊዜ ከላያችን ጎረቤት አለ፤ ልጆቹ ሲሮጡ ኮቴያቸው ይሰማል። የሰማች ጊዜ እጄን ትይዝና 'ሐናን፣ ውጪና እዪ፤ ሽቲ ለብሳ ከስክስ ያደረገች ሴት ካለች አስገቢያት፤ ሮጣ ደክሟታል' ትለኛለች። እኛ ትኩሳቱ ነው እንል ነበር። ከስክስ በሽቲ ማን ያደርጋል?"  እዚያው አቧራው ላይ፣ ሰዓዳ የተቀመጠችበት ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። አይታኛለች። ከነዚያ ሁሉ መስኮቶች በአንዱ አይታኛለች፤ ወታደሩም ማን እንደነበር ያኔውኑ ገብቷታል። "ታዲያ ወጥተሽ አየሽ?" አልኳት። "አንዴ ደስ ይበላት ብዬ ወጣሁ። ተመልሼ 'ማማ፣ ላይኛው ፎቅ ማንም የለም' አልኳት።" "ምን አለችሽ?" ሐናን እንባዋ እየወረደ በእናቷ ፍንጭት ጥርስ ፈገግ አለች።

"'በአሳንሰር ነው በደረጃ?' አለችኝና ሳቀች።"

እኔም ሳቅሁ። ስቄ ስቄ አለቀስኩ። ከዚያ በነጠላዬ ፊቴን ጠርጌ ወለሉ ወደነበረበት ቀና አልኩ።

"አሁንማ አንድ ሆኗል፣ ሰዓዳ" አልኩ።